የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች የጋራ ሥልጠናና ፋይዳው

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ230 በላይ የሚሆኑ ዜጎችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ግን በመጀመሪያው ናዳ የሞቱ አልነበሩም። ከባድ ዝናብን ተከትሎ የወረደው የመጀመሪያው ናዳ የቀበረው የጥቂት ቤተሰቦችን መኖሪያ ነበር። ጩኸቱን የሰማው የአካባቢው ነዋሪ ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያላገኘውም በባዶ እጁ፣ ከአፈር ሥር ያሉትን ለማውጣት ተረባረበ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው ሕዝቡ በቁፋሮ ላይ እንዳለ ነው። በወቅቱ በወጡት መረጃዎች መሠረት ለእርዳታ ሮጠው ሕይወታቸውን ካጡት መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል።

በእነዚህ ወገኖች ላይ ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊፈርድ አይገባም። ጎረቤቱ ከአፈር ሥር እየጮኸ እጁን አጣጥፎ የሚቆም የለም። በአገራችን የገጠር አካባቢዎች የኡኡታ ድምፅ ሲሰማ ያለው ሥራ ሁሉ ተጥሎ ወደ ድምፁ መሮጥ የኖረ ወግ ነው። ለአደጋ ሥራ አመራር የተሰማሩ ተቋማት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ከፍ ካለ ሥፍራ ቆሞ ተራራውን እንዲመለከት፣ ምልክት ሲሰጥም ሁሉም ቁፋሮውን ጥሎ እንዲወጣ ሕዝቡን ቀድሞ ማን ማሠልጠን ነበረበት? ይህ ሥልጠና ቢኖር ኖሮ የስንት ሰው ሕይወት ይተርፍ እንደነበር መናገር አይቻልም። ሆኖም የነፍስ አድን ሥራ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለሚያስተምረው ጉዳይ፣ ማለትም ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ስለሚመጣው ሁለተኛ አደጋ፣ አስቀድሞ የሰማና ያልሰማ ሕዝብ አንድ ዓይነት እርምጃ እንደማይወስድ የታወቀ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሁኔታ በሌላውም ዓለም ደርሷል። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲገድል የከተማዋ ነዋሪዎች የመንግሥትን ኃይል ሳይጠብቁ በፍርስራሹ ውስጥ ገብተው ወገኖቻቸውን ማውጣት ጀመሩ። በአደጋ ጊዜ ሥልጠና መጻሕፍት ደጋግሞ እንደሚጠቀሰው ያልሠለጠኑት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ከሞት ሲያተርፉ ከራሳቸው ወገን ከ100 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሎስ አንጀለስ ከተማ የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ከዚህ ትምህርት በመውሰድ በዚያው ዓመት ተራ ነዋሪዎችን በየሠፈራቸው በቡድን አደራጅቶ የማሠልጠን ሥራ ጀመረ። ሥልጠናው 20 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን ከዓመታት በኋላ በመላው የአሜሪካ ግዛቶች ተግባራዊ ሆኗል። ለበጎ ፈቃደኞቹ ከሚሰጡት ትምህርቶች ዋነኛው ወደ አደጋው መግባትን ሳይሆን አለመግባትን የሚመለከት ነው። ሠልጣኙ ሕንፃን በጉዳቱ መጠን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ መለየት ይማራል። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ከሆነ፣ ውስጡ የሚጮኽ ሰው ቢኖርም፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ሥፍራውን አመልክቶ ለባለሙያዎቹ እንዲያሳውቅ ይታዘዛል። ይህ ለማንም ሰው የሚከብድ ትእዛዝ ነው። በልምምድ ያልተዘጋጀ ሰው በዚያች ሰዓት ሊያከብረው አይችልም።

ሥልጠና መስጠት አንድ ነገር ሲሆን የጋራ ሥልጠና መስጠት ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ ወረዳዎች የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ፖሊስ የራሱ ሥልጠና አለው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እንዲሁ። እነዚህ ወገኖች እያንዳንዳቸው ብቁ ሆነው ሳለ በአንድ ላይ ቆመው የሚያውቁት ግን አደጋው በደረሰበት ዕለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጉድለት ዋጋ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ በተነሳው ሰደድ እሳት ነው። እሳቱ በ13 ቀናት ውስጥ የ16 ሰዎችን ሕይወት አጥፍቶ ከ700 በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። በኋላ በተደረገው ግምገማ የተገኘው ችግር በዋናነት የሰው ኃይል ወይም የድፍረት ማነስ አልነበረም። ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለአንድ ዓይነት መሣሪያ የተለያየ ስም ይሰጡ ነበር። የሬዲዮ መገናኛዎቻቸው እርስ በርስ አይገናኙም። ማን ማንን እንደሚያዝም በግልጽ የተወሰነ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ግምገማ የተወለደውና ዛሬ በበርካታ አገሮች የሚሠራበት የአደጋ ሥፍራ የዕዝ ሥርዓት የተመሠረተው በጥቂት ቀላል ደንቦች ላይ ነው። በአንድ የአደጋ ሥፍራ ላይ የሥራው መሪ አንድ ነው፤ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የመጣ ሠራተኛም ከአንድ አለቃ በላይ አይኖረውም። አንድ አስተባባሪ በቀጥታ የሚመራቸው ሰዎች ቁጥር ከ3 እስከ 7፣ ቢቻል 5፣ እንዲሆን ይመከራል። በሬዲዮም ሆነ በቃል የሚተላለፍ መልእክት የመሥሪያ ቤት ምስጢራዊ ቁጥርና አጽሕሮተ ቃል ሳይገባበት ሁሉም በሚያውቀው ተራ ቋንቋ ይነገራል። ደንቦቹን ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የተለያየ ማዕረግ ያላቸው፣ አንዱ ከሌላው የማይታዘዝ መሥሪያ ቤቶች በእነዚህ ደንቦች እንዲገዙ ለማድረግ ግን አብሮ መለማመድን ይጠይቃል። በተለይም ማዕረግና ወንበር በሚከበርበት አገር የወረዳ ኃላፊ ከአንድ የእሳት አደጋ ሻምበል መመሪያ ተቀብሎ ወደ ኋላ እንዲቆም ማድረግ በአደጋው ዕለት የሚጀመር ትምህርት አይደለም።

የጋራ ሥልጠናን ትርጉም ከሁሉ ይበልጥ የምታስረዳው ፊሽካ ናት። ዓለም አቀፍ የፍለጋና የነፍስ አድን ቡድኖች የሚጠቀሙበት የፊሽካ ምልክት ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። ሦስት ተከታታይ አጫጭር ፊሽካ ሥፍራውን ለቃችሁ ውጡ ማለት ነው። አንድ ረዥም ፊሽካ ሥራ አቁሙ፣ ጸጥ በሉ ማለት ሲሆን ከፍርስራሽ ሥር የሚመጣ ድምፅ የሚደመጠው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ረዥም ከአንድ አጭር ጋር ሲሰማ ሥራው ይቀጥላል። በቁፋሮ ላይ ካሉት 100 ሰዎች ምልክቱን የሚያውቁት 40 ብቻ ቢሆኑ ጸጥታውም አይገኝም፤ ማምለጡም ወደ ግርግር ይለወጣል። በተመሳሳይ ሁኔታ ተፈትሾ ያለቀ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ምልክት ሌላው ቡድን ካላነበበው ያው ቤት ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ሌላው ሳይፈተሽ ይቀራል። እነዚህ ምልክቶች አንድ እንዲሆኑ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርመንያ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከየአገሩ የመጡ ቡድኖች የቅንጅት ችግር ስለገጠማቸው እ.ኤ.አ. በ1991 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የምክክር ቡድን ተቋቁሞ የጋራ መመሪያ እንዲኖር ተደርጓል።

ቁስለኞችን በመለየት ረገድም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጮኸው ቁስለኛ ቀድሞ ይነሳል፤ ዝም ያለው ይረሳል። ነገር ግን የሚጮኽ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል። በሥልጠና የሚሰጠው ቀላል የልየታ ዘዴ እያንዳንዱን ቁስለኛ ከ1 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አይቶ መራመድ የሚችለውን አረንጓዴ፣ መቆየት የሚችለውን ቢጫ፣ አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገውን ቀይ፣ በሕይወት የሌለውን ወይም የመትረፍ ተስፋ የሌለውን ጥቁር ምልክት መስጠት ነው። በጎ ፈቃደኛው ቀይ ብሎ ያሠረውን ቁስለኛ የአምቡላንስ ሠራተኛው ትርጉሙን ሳይጠይቅ ሊያነሳው፣ ሆስፒታሉም በዚያው ቅደም ተከተል ሊቀበለው ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ቀለሙን ካላወቀ ልየታው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ብዙ ነው።

በአገራችን ይህ ሥልጠና የዘገየበት ምክንያት ታሪካዊ ነው ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተመሠረተ ሲሆን የበጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥራ ከዚያን ጊዜ አንስቶ ይታወቃል። የመንግሥት የአደጋ ተቋም ግን የተወለደው ከወሎው ድርቅና ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙና አደረጃጀቱ በተደጋጋሚ ቢለዋወጥም የተቋሙ ዓይን ለብዙ ዓመታት ያተኮረው በድርቅ ላይ ነበር። ድርቅ በወራት የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የሚጠይቀውም ጥናት፣ እህል፣ መጋዘንና መጓጓዣ ነው። ደራሽ ጎርፍ፣ ናዳና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በደቂቃ የሚቆጠሩ በመሆናቸው እህል በማከፋፈል የሠለጠነ ኮሚቴ ብቻውን አይወጣቸውም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ትኩረቱን ከአደጋ በኋላ ከሚሰጥ ዕርዳታ አስቀድሞ ሥጋትን ወደ መቀነስ ማዞሩ ይታወቃል። ፖሊሲው በየቀበሌው ሥራ ላይ የሚውለው ግን እዚያው በሚኖሩ ሰዎች እጅ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ከተማን አጥለቅልቆ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል ከቀናት በኋላ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አካባቢ ከ300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። የድሬዳዋው ጎርፍ ለጋራ ሥልጠና ልዩ ትምህርት አለው። ውኃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ነው። ዝናቡ በአንድ አስተዳደር ሥር ይዘንባል፤ ሰው የሚሞተው በሌላው ሥር ነው። ስለሆነም የታችኛው ነዋሪ በራሱ ሰማይ ላይ ያለውን ደመና አይቶ ራሱን ሊያድን አይችልም። ከላይ ያለው በጎ ፈቃደኛ የወንዙን መሙላት አይቶ ለማን እንደሚደውል፣ ከታች ያለው ደግሞ በሌሊት መልእክቱ ሲደርሰው የትኛውን ሠፈር ቀድሞ እንደሚቀሰቅስና ሰዎቹን በየት በኩል እንደሚያወጣ ሊያውቁ የሚችሉት አብረው ከሠለጠኑ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥም የአፋርና የኦሮሚያ ክልል ነዋሪዎችን በአንድ ላይ አፈናቅሏል። ተፈጥሮ የአስተዳደር ወሰን አታውቅም የሚለው አባባል በስብሰባዎች ላይ ሳይነገር የማይቀር ቢሆንም የሥልጠና ዕቅድ ግን ዛሬም የሚዘጋጀው በየወሰኑ ውስጥ ነው።

ሠልጣኞችን ከየት ማግኘት ይቻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም። በየከተማውና በየገጠሩ ያለው ዕድር የአባላት መዝገብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳንና የጋራ ዕቃ ያለው ተቋም ነው። በተለመደው ሥርዓት ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ሠፈሩን ዞሮ መርዶ የሚያሰማ፣ አባሉም ቀርቶ እንደሆነ የሚቀጣበት ደንብ አለው። አንድ የአደጋ ጊዜ ባለሙያ አዲስ ሊያቋቁመው የሚመኘው የጥሪ፣ የምዝገባና የተጠያቂነት ሥርዓት በዕድር ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። የሚጎድለው ጡሩምባው ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለጎርፍና ለናዳም እንዲያገለግል፣ ድምፁም ከቀብሩ ጥሪ ተለይቶ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። በየክረምቱ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰማሩት ወጣቶችም ችግኝ ከመትከልና የአቅመ ደካሞችን ቤት ከመጠገን ጎን ለጎን ሁለትና ሦስት ቀን ለዚህ ሥልጠና ቢመደቡ የሚከብድ አይሆንም።

የበጎ ፈቃደኛ መብዛት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን የሚያሳየው ደግሞ የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰዎችን ከገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ከመላው ጃፓን ከ1 ሚሊዮን በላይ በጎ ፈቃደኞች ወደ አካባቢው ተመዋል። ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። በኋላ የመጣው ብዛት ያለው ሕዝብ በበኩሉ ብዙ ሥራ የሠራ ቢሆንም፣ ራሳቸው የተጎዱት የአካባቢው አስተዳደሮች ይህን ሁሉ ሰው መዝግቦ የት እንደሚያሰማሩት ተቸግረው ነበር። ጃፓን ከዚያ በኋላ በአደጋ ጊዜ የበጎ ፈቃደኞች ማዕከላትን የማቋቋም አሠራር ዘርግታለች፤ ጥር 17ንም የአደጋ መከላከልና የበጎ ፈቃደኞች ቀን አድርጋ ሰይማለች። በኢትዮጵያም በየወረዳው የሠለጠኑ ሰዎች ስም፣ ሙያና ስልክ ያለበት መዝገብ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መዝገቡ በዓመት አንድ ጊዜ መታደሱ አስፈላጊ ነው። የተመረቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ ከአካባቢው ይወጣል፤ መምህር ይዛወራል። ከ3 ዓመት በፊት የተዘጋጀ መዝገብ በአደጋው ሌሊት የማይነሱ ስልኮች ዝርዝር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የሥልጠናው አሰጣጥም ሊታሰብበት ይገባል። በአዳራሽ ተጀምሮ በአዳራሽ የሚያልቅ፣ በመክፈቻ ንግግር ግማሽ ቀን የሚወስድ፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀትና አበል ተከፍሎ የሚበተን ሥልጠና ለዚህ ዓላማ ብዙም አይጠቅምም። ቃሬዛን በጭቃማ ቁልቁለት ላይ ለስድስት ሆኖ ተሸክሞ መውረድ በሥዕል የሚማሩት አይደለም። በሌሎች አገሮች የተለመደው አካሄድ ኃላፊዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ካርታ ዘርግተው በሚያደርጉት ልምምድ ተጀምሮ ወደ ሜዳ የማስመሰል ልምምድ የሚያልፍ ነው። የጠረጴዛው ልምምድ ወጪው የሻይ ያህል ነው። የአካባቢው ድልድይ ቢሰበር አምቡላንሱ በየት ያልፋል፣ የቁፋሮ ማሽን ያለው ማነው፣ ቁልፉስ ቅዳሜ ሌሊት በማን እጅ ነው የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ መልስ ያጡት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ መልስ ማጣት የሚያሳፍር ነገር ሊሆን አይገባም፤ የልምምዱ ዋጋም ይኸው ነው። ከሜዳው ልምምድ በኋላ የሚደረገው ግምገማ ማዕረግ ሳይለይ የሁሉንም ስሕተት የሚያነሳ ካልሆነ ግን ልምምዱ ወደ ትርዒት ይለወጣል።

በጎ ፈቃደኛው ራሱም የሚገባው ነገር አለ። ጓንት፣ ጫማ፣ የራስ ቁር፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ የሌለውን ሰው ወደ ፍርስራሽ መላክ ሥልጠናውን ከንቱ ያደርገዋል። በሥራው ላይ ሲጎዳ የሚታከምበት ወጪ በማን እንደሚሸፈን ከመሰማራቱ በፊት በጽሑፍ መታወቅ ይኖርበታል። አስከሬን ሲያወጣ የሰነበተ ወጣትም ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊትና ከተመለሰም በኋላ የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የጊዜ ሰሌዳ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን አዲሱ በጀት ተሸንሽኖ ለሥልጠና እስኪደርስ መስከረምና ጥቅምት ይገባል። የድሬዳዋው ጎርፍ የደረሰው ሐምሌ 30፣ የጎፋው ናዳ ሐምሌ 15፣ ሁለቱም በበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ወር ውስጥ ነው። በጎርፍና በናዳ በሚታወቁ ወረዳዎች የበጎ ፈቃደኞች የጋራ ሥልጠና ከሚያበቃው ዓመት በጀት ላይ ተይዞ በሚያዝያና በግንቦት ሊካሄድ፣ የፊሽካና የቃሬዛ ግዥውም ከሰኔ በፊት ሊጠናቀቅ ይገባል። በጥቅምት የሚሰጥ ሥልጠና የሚያገለግለው ለሚቀጥለው ክረምት ሲሆን በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ወራት ከሠልጣኞቹ ጥቂት የማይባሉት ወረዳውን ለቀው ይሄዳሉ።